ምስክር ከጋይንት፣ ዶክትሬት ከኮኔቲከት

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው የቻይና መንገድ የተሳፈረ ሰው ክምር ድንጋይ ላይ የጉናን ብርድ ይቀምሳል። ነፋስ መውጫ ሲደርስ ደግሞ ከተማዋ ስሟን ከየት እንዳገኘች ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። አብዛኛው መንገደኛ እዚያ ምሳውን በልቶ ወደ ጋሸና ይቀጥላል፤ አስፋልቱን ለቆ ወደ ታች ጋይንት የሚወርደው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ መካከል አንዳንዴ አኩፋዳ ያንጠለጠለ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ወፍራም የብራና መጽሐፍ በማኅደር ከትቶ እንደ ሕፃን ያዘለ ወጣት ይታያል። መጽሐፉ ድጓ ነው። ወጣቱ ድጓውን ጎጃም ወይም ወሎ ወይም ሌላ አገር ተምሮ ጨርሷል። የቀረው ማስመስከር ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቤተልሔም መድረስ አለበት።

በቤተ ክህነት አካባቢ ላደገ ሰው «ጋይንት ቤተልሔም» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ሌላው ሰው ግን ስሙን ሰምቶ፣ ሥራውን ሳያውቅ ያልፈዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱ የዜማ ዘርፍ የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሚያገኝበት የታወቀ ቦታ አለው። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ፣ አቋቋም ጎንደር በአታ ይመሰከራል። ከእነዚህ ውስጥ ቤተልሔምም ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት አገር ናቸው። ወደ እስቴ ዘለቅ ሲባል ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ ከቤተልሔም የሚለይ የራሱ የድጓ ዜማ ያለው ቤት። በሽሎና ዓባይ በገደል ያጠሩት ይህ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሚባል አገር፣ ጤፉና ገብሱ ቢያንሰውም መሪጌታ አጥቶ አያውቅም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ከጋይንት ርቀው፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኖሩ ሌላ የዜማ ሊቅ ናቸው። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የሙዚቃ ደራሲና የሕዝቦች ሙዚቃ ተመራማሪ ነበሩ፤ በፈረንጆቹ አነጋገር ኢትኖሙዚኮሎጂስት። የእሳቸውን የትምህርት ጉዞ ከቤተልሔሙ ተማሪ ጉዞ ጎን ሲያኖሩት፣ ለብቻው ሲታይ የማይነሣ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዚህ አገር ዜማን አጥንቶ ከዚያ አዲስ ዜማ የሚደርስ ሰው ወንበሩ የት ነው?

ያለ መጽሐፍ የሚያርሙ የኔታ

የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የጎንደር ገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ በጥንቱ የአክሱም አሠራር የተገነባ፣ ማዕዘን ያለው ሕንፃ። ክቡ የኋላ ዘመን ሽፋን ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ደርሶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለዚሁ ሕንፃ ለዓለም አወራ። አገሬው ዕድሜ ልኩን ሲያስቀድስበት ለኖረው ቤተ ክርስቲያን «አግኚ» መምጣቱ ትንሽ ያስቃል፤ ሆኖም ሰውየው ያየው ነገር እውነት ነበር።

ትውፊቱ የዜማውን መጀመሪያ ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት ዜማዎች ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን ደረሰ። ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጋይንት መጥቶ ዙር አምባ ላይ ተቀመጠ፤ ለዚህም ነው ዝማሬና መዋሥዕት እዚያ የሚመሰከረው ይባላል። ከግራኝ ጦርነት ጥፋት የተረፈ ድጓ በቤተልሔም ተገኘ የሚለውም የአገሩ ሰው አጥብቆ የሚተርከው ነው። ከዚያው ጦርነት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንዳደራጁት ይነገራል።

ምልክቱ ከአውሮፓው ኖታ የተለየ ነው። በድጓው መስመርና መስመር መካከል በደቃቃ ጽሕፈት የሚሰፍሩት ግማሾቹ ፊደላት ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የአንድ ቃል ዜማ የሚያስታውሱ። እንዲህ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የሚባሉት ሥዕል መሰል ጭረቶችና ነጥቦች ናቸው፤ ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ያሳያሉ። ዜማውን የማያውቅ ሰው ምልክቱን ቢያይ የሚያወጣው ነገር የለም። ምልክት አስታዋሽ እንጂ አስተማሪ አይደለም።

> ዜማውን የማያውቅ ሰው ምልክቱን ቢያይ የሚያወጣው ነገር የለም።

ስለዚህ ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ተማሪው ቀን ቀን ለምኖ ይበላል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር ሲታገል ይውላል። ሌሊት ደግሞ ያዜማል። የኔታ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሦስት ተማሪ አንድ ድጓ ከበው ይዘልቃሉ። የኔታ መጽሐፉን አያዩም፤ ብዙዎቹ በስተርጅና ዓይናቸውም ደክሟል። ተማሪው ድፋቱን ረስቶ ቃሉን ቀጥ አድርጎ ሲያልፈው ግን እጃቸውን ያነሣሉ። ተማሪው ወደ ኋላ ይመለሳል። እንደገና ከሳተ የኔታ ራሳቸው ያዜሙለታል፣ እሱም ይቀበላል። የዓመቱ በዓላት ሁሉ፣ ከመስከረም ዮሐንስ እስከ ክረምቱ መጨረሻ፣ በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ተማሪው ድጓውን ይጽፋልም። ቆዳ ፍቆ፣ ብራና አውጥቶ፣ ከመቃ ብርዕ ቀርጾ፣ ጥቁሩን ከጥላሸት አሽቶ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለመጀመሪያ መስመሮች አስቀምጦ መጽሐፉን ራሱ ያዘጋጃል። ቤተልሔም ሲደርስ ይህ መጽሐፍ ከቤቱ ድጓ ጋር ይተያያል፤ የሳተ ምልክት ይፋቃል፣ የቀረ ይገባል። ከሌላ ቤት የመጣ ተማሪ ጉሮሮው የለመደውንም መተው አለበት። ቆማ የተማረ፣ አጫብር የተማረ፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ዜማው ይለያያልና። በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚገኘው «ከቤተልሔም አስመስክሯል» የሚለው ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ የትም አገር ቢሄድ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል።

ከሐረር እስከ ታላሃሲ

አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ተምረው፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በሮቸስተር ኒውዮርክ በሚገኘው ዝነኛው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ተመልሰውም ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለውን ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው መሩ።

ወቅቱ አዲስ አበባ ከሙዚቃ ጋር አዲስ ዝምድና የጀመረችበት ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ቴአትር ቤቶች ባንዶቻቸውን አቋቁመው ነበር። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን አንድ ላይ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በዚህ መሐል አሸናፊ የራሳቸውን ሙከራ አመጡ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለው የኦርኬስትራ ድርሰታቸው የገጠሩን ዋሽንትና አምስት ድምፅ ያለውን የአገር ቅኝት ወደ አውሮፓ ኦርኬስትራ ያስገባ ነው፤ በሃንጋሪ ኦርኬስትራም ራሳቸው እየመሩት ተሰምቷል። በዚሁ ሰበብ «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው።

ቅጽሉ ዝም ብሎ የተለጠፈ አይደለም። ዞልታን ኮዳይ ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር ፎኖግራፍ ተሸክሞ የሃንጋሪን መንደሮች ያሰሰ፣ የገበሬውን ዘፈን በሰም ሲሊንደር ቀርጾ፣ በኖታ ጽፎ፣ መዝኖ፣ ከዚያ ከዚያው አፈር ሲምፎኒ ያወጣ ሰው ነው። ምርምሩና ድርሰቱ የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ። ጋናዊው ኩዋቤና ንኬቲያም እንዲሁ፤ የአፍሪካን ሙዚቃ ለዓለም ያስጠኑ ምሁር ሳሉ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ። ንኬቲያ ግን በአገራቸው ሌጎን ላይ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ዳይሬክተርነት ወንበር ነበራቸው። አገር በፖለቲካ ስትናወጥ ወንበሩ አልተሰበረም።

አሸናፊ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በኮኔቲከት ግዛት፣ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝቦች ሙዚቃ ጥናት ገና ወጣት ሳይንስ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 ማስተርሳቸውን፣ በ1971 ዶክትሬታቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ነበር። ከዚያ ወዲያ አስተማሪነታቸው በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በዚህኛው የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልንም መርተዋል። በ1998 በታላሃሲ፣ ፍሎሪዳ ዐረፉ። 60 ዓመታቸው ነበር።

የጻፏቸውን ርዕሶች ተራ በተራ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። በ1975 ስለ አዝማሪ። በ1977 ስለ ክራር፤ የቤተ ክህነቱ ሰው «የሰይጣን መሣሪያ» ስለሚለው ክራር። በ1980 ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ቤተ እስራኤል ዜማ። በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር ከአፍሪካ እስከ አሜሪካ የሚከተል መጽሐፍ። መሪጌታው የማይጠጋውን ማሲንቆና ክራር፣ አዝማሪው የማይጠጋውን ድጓ፣ እሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እዚህ አገር ይህን የሚያደርግ ሰው በሁለቱም ወገን ይጠረጠራል። በእኔ ግምት የሥራቸው ትልቁ ድፍረት ከኦርኬስትራው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

> መሪጌታው የማይጠጋውን ክራር፣ አዝማሪው የማይጠጋውን ድጓ፣ እሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

ዜማ የሚደርስ ሰው አይፈለግም

ቤተልሔም ላይ «እኔ የዜማ ደራሲ ነኝ» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ይሉታል? የድጓ መምህራን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ብዙም አይለያይም። ደራሲው አንድ ነው፣ ያሬድ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ጠባቂ ነው። ጎበዝ የሚባለው ጨምሮ ያመጣ ሳይሆን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደረሰ ነው። ለዜማው አንዲት ጭረት መጨመር የሙያ ማነስ ምልክት እንጂ ፈጠራ ተብሎ አይቆጠርም።

ይህ ማለት ግን ፈጠራ የለም ማለት አይደለም፤ ያለው በሌላ ደጅ ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ካልቆጠረ ተማሪ አይባልም፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ይሳቅበታል። ቃሉ አዲስ ሲሆን ዜማው ግን የታወቀው ነው። አንዱ ቤት ምንም አዲስ እንዳይገባ ሲጠብቅ ሌላው ቤት አሮጌ እንዳይደገም ይጠብቃል፤ ያው ተማሪ ደግሞ ከሁለቱም ቤት ይማራል። ይህን የመሰለ የሥራ ክፍፍል በሌላ አገር የሙዚቃ ትምህርት ማግኘት ቀላል አይመስለኝም።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር ድንበሩን የገፋ አንድ ሰው አለ፤ በቀልዱ የምናውቀው አለቃ ገብረ ሐና። ሰዉ ተረቱን ሲያወራ ሊቅነቱን ይረሳዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎገራው ሊቅ፣ ትውፊት እንደሚለው በጣና ዳር የሸምበቆውን ውዝዋዜ ተመልክቶ፣ መቋሚያና ሰውነት በዝግታ የሚወዛወዙበትን አዲስ የአቋቋም ስልት አወጣ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ልጁ ተክሌ ግን ተምሮ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስልቱም ዛሬ ተክሌ ተብሎ ይጠራል፣ በደብረ ታቦር ኢየሱስ ይመሰከራል። ዜማው አልተነካም። የተለወጠው የቆመው ሰው አካል ነው። ያንንም ቢሆን ትልቁ ከተማ ገፍቶት በጎረቤት ከተማ ነው ወንበር ያገኘው።

ለዓለማዊው ሙዚቃ ሰው ነገሩ የተገለበጠ ነው። በጋይንት ሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ የሚገባ አዝማሪ ግጥሙን ከእንግዳው ፊት፣ ከስሙ፣ ከጫማው ያወጣል። ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ ከሚባሉት ቅኝቶች በአንዱ ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጥራል። ግን ምስክር የሚሰጠው ደብር የለውም፤ የሚከፈለው ሽልማት በግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ነው። ለጠባቂው ማዕርግ ተሰጥቶ፣ ለፈጣሪው ማዕርግ የተነፈገበት አገር ነበር።

አሸናፊና የእሳቸው ዘመን ሰዎች ሊዘጉት የሞከሩት ይህን ክፍተት ነው ብዬ አስባለሁ። ተመራማሪና ደራሲ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ጥበቃውም ፈጠራውም ማዕርግ ያገኛሉ። ያንን ሰው ግን ቤተልሔምም ሠርግ ቤቱም አያውቁትም። ኢስትማንና ዌስሊያን ያውቁታል። ስለዚህም የሰውየው ሥራ ስለ ኢትዮጵያ ሆኖ አንባቢውም ተማሪውም ሌላ ሆነ።

ኖታና ምልክት

የውጭ ምሁራን ድጓን ለመረዳት ብዙ ደክመዋል። ፈረንሳዊው ቄስ በርናር ቬላ በ1966 ምዕራፍን ከነምልክቱ አጥንቶ አሳተመ። አሜሪካውያኑ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ በ1990ዎቹ በሦስት ቅጽ ባወጡት የኢትዮጵያ ዜማ ስብስብ ምልክቶቹን ዘርዝረው፣ ድምፁን ወደ አውሮፓ ኖታ ገልብጠው፣ የዛሬውን ዜማ ከድሮ ብራናዎች ጋር አስተያይተዋል። መሠረታቸው በአብዛኛው የቤተልሔም ዜማ ነው፤ በአገሩ ሁሉ የተዘረጋው እሱ ነውና።

ስለዚህ ሥራ የድጓ መምህራንን ሐሳብ መስማት አስደሳች ነው። አንዳንዶቹ በደስታ ይቀበሉታል፤ ያሬድን ፈረንጅ አወቀልን ይላሉ። ሌሎቹ ኖታውን የሚያዜም ሰው ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። የአውሮፓ ኖታ ድምፁን በደረጃ ይቆርጠዋል፤ ርክርክ ግን በሁለት ደረጃ መካከል የሚንሸራተትና የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፣ መጠኑም ከበዓል በዓል፣ ከጾም ወደ ፋሲካ ይለያያል። በአንጻሩ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን የኔታ ካለፉ ያልተቀረጸው ነገር አብሮ ይቀበራል ብለው ይሞግታሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የታተመ ድጓ ከወጣ ወዲህ ብራና ፍቆ የሚጽፍ ተማሪ ቀንሷል፤ የእጅ ስልክ ደግሞ የየኔታን ድምፅ ኪስ ውስጥ አስገብቶታል። ስለ ስልኩ የሰማሁት ምርጥ አስተያየት የአንድ አዛውንት መሪጌታ ነው፤ ስልኩ የተማሪውን ስሕተትም በእኩል ትጋት ይይዛል፣ አያርምም።

ከሁለቱ ወገን የሚወለድ አዲስ ሰው መኖሩም እውነት ነው። ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ፣ ቀን ቀን ፒያኖ ፊት ተቀምጦ እሑድ ጠዋት መቋሚያ የሚይዝ ወጣት በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ለድርሰትም ለምርምርም ከማንም የተሻለ ዝግጁ ነው፤ ምልክቱን በጆሮው፣ ኖታውን በዓይኑ ያውቃል። አሸናፊ በ1962 ከሮቸስተር ሲመለሱ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ቢጎርፉላቸው ምን ይሠሩ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ይሁንና መንገዱ በወረቀት የታጠረ ነው። ቤተልሔም ሄዶ ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ የያሬድን ስም በተሸከመው ትምህርት ቤት ዲግሪ ልማር ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ነው። የድጓው ዓመታት፣ የዝማሬው ዓመታት፣ በእጁ የጻፈው ብራና፣ ለመግቢያ አይቆጠሩለትም። ውጤቱን ቢያመጣ ደግሞ ዶ ሬ ሚ ገና ከሚለምደው ልጅ ጎን ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። በግልባጩም ያው ነው፤ የሙዚቃ ዶክተር ድጓ ልማር ብሎ ጋይንት ቢወርድ የኔታ የሚያስጀምሩት ከውዳሴ ማርያም ዜማ ነው፣ ከሕፃናቱ ጋር። ልዩነቱ የኔታ ይህን ሲያደርጉ ዶክተሩ በልመና እንጀራ አብሯቸው እንዲበላ ይጋብዙታል፣ ክፍያም አይጠይቁትም።